ከላይ ያለው ለዓይን ነው

በጥር ወር መጨረሻ፣ የኢሉባቦር ሰማይ ከብዙ ወራት ዝናብ በኋላ ጥቂት ዕረፍት ወስዶ፣ የቡናው ፍሬ በየደጃፉ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ጠቁሮና ደርቆ በሚከማችበት ጊዜ፣ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ቡና ነጋዴ ወዳጄ መደብር ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የወዳጄ ልጅ በአባቱ ፈንታ ሆኖ ጀንፈል ሲገዛ ተመለከትሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአህያ ጭነው ያመጡትን ጆንያ ከሚዛኑ አጠገብ ሲያወርዱ፣ ልጁ ከላይ ያለውን ፍሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያየው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ወደ ጆንያው ሰደደና ከታች አንድ እፍኝ ዘግኖ አወጣ፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው፤ ከመካከሉ ሁለት ሦስቱን ፈልፍሎ ፍሬውን በጥርሱ ነከሰና ጥርሱ ያሳረፈበትን ምልክት ወደ ብርሃን አዙሮ መረመረ። ከዚያም በኦሮምኛ፣ በትሕትና፣ ነገር ግን ያለ ፍርሃት፣ የላዩ ደርቆ ሊሆን ቢችልም፣ የታቹ ግን ገና የሁለት ቀን ፀሐይ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው። ሽማግሌውም አልተቆጡም፤ ሳቁ፤ ጥቂት ተከራከሩና በፈረሱላው ዋጋ ተስማሙ። እኔም ልጁን «ለምን ከላይ አታይም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ከላይ ያለው ለዓይን ነው» ሲል መለሰልኝ።

በዚያው ቀን ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ ይኸው ልጅ ከዕረፍት መልስ ለሚጠብቀው ፈተና የሚያነበውን ሃንድአውት ይዞ ከመብራቱ ሥር ተቀመጠ። የሚማረው ግብርና ነው፤ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ ከመቱም የራቀ ነው፤ የሀገራችን ልማድ ብዙውን ጊዜ የኢሉባቦርን ልጅ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ የሌላውንም ልጅ ወደ ኢሉባቦር መመደብ ነውና። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ከፎቶ ኮፒ እየተወለደ ፊደሉ ደብዝዟል። በአራተኛው ገጽ ላይ፣ ዛፍ የሚጥለው ጥላ የቡናን ምርት ይቀንሳል የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ በዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደግሞ ቡና ያለ ጥላ ሊበጅ አይችልም የሚል። ልጁ ሁለቱንም በቢጫ ማርከር፣ በእኩል ጥንቃቄ፣ አቅልሟቸዋል። «ከሁለቱ እውነቱ የትኛው ነው?» አልሁት። ጥያቄዬን ፈጽሞ ያልጠበቀው ስለ ነበረ ጥቂት ዝም አለና፣ «የትኛው ለፈተና እንደሚመጣ መምህሩ ይነግሩናል» አለኝ።

እኔም ነገሩን ለወጥሁና አባቱ በያዮ በኩል ባላቸው የጫካ ቡና ውስጥ ያሉትን ዋንዛና ብርብራ ለምን ጨርሰው እንደማይቆርጧቸው ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ልጁ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያጥረው በኦሮምኛ እያለ፣ ጥላ ሲበዛ ቡናው ቁመት ብቻ እንደሚሆንና ፍሬው እንደሚሳሳ፣ ጥላው ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ ዛፉ በአንድ ዓመት ከዐቅሙ በላይ አፍርቶ በተከታዩ ዓመት ቅርንጫፉ እንደሚደርቅ፣ ስለዚህም አባቱ በየዓመቱ ጥላውን እያሳሱ እንጂ እያጠፉ እንደማይሄዱ አስረዳኝ። ሁለቱ ገጾች እርስ በርሳቸው የተጣሉ የመሰሉት፣ «መቼ?» እና «ምን ያህል?» የሚሉት ቃላት ስለ ጎደሏቸው ብቻ እንደ ሆነ፣ መልሱንም እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው እንደ ነበረ ስነግረው ወረቀቱን እንደገና አነሣና አየው። ግን ምንም አልጻፈበትም።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን የማመዛዘን ችሎታ በሚነሣበት ጉባኤ ሁሉ፣ ተማሪው አያስብም፣ ይሸመድዳል እንጂ አይመረምርም የሚለው ክስ ሲደጋገም እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያን ልጅ ካየሁ ወዲህ ክሱን እንዳለ መቀበል ተስኖኛል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ አስተሳሰብ ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድን እምነት ከመቀበል በፊት የቆመበትን መሠረት መመርመር የማሰብ ሁሉ ዐይነተኛው ክፍል መሆኑን አስተምሯል፤ ከእርሱም በኋላ ኤድዋርድ ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1941 ነገሩን በሦስት ከፍሎ፣ ለመመርመር የሚያዘነብል ልቡና፣ የመመርመሪያውን ስልት ማወቅ፣ ስልቱንም በሥራ ላይ የማዋል ልምድ ብሎታል። ያ ልጅ በሚዛኑ አጠገብ ሦስቱንም ፈጽሞ አሳይቶኛል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት፣ ያው ልጅ ከሚዛኑ ወደ ወረቀቱ ሲሻገር ክንዱን የሚያሳጥርበት ነገር ምን እንደ ሆነ ነው።

የመጀመሪያው ነገር፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ኪሣራ ነው። በመደብሩ ውስጥ እርጥብ ቡናን በደረቅ ዋጋ የገዛ ሰው ከኪሱ ይከፍላል፤ በክፍል ውስጥ ግን የተሳሳተውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ የገለበጠ ተማሪ ማርክ ይቀበልበታል፣ የተጠራጠረው ደግሞ ይቀነስበታል። አባቶቻችን የሙግትን ነገር ሲያደራጁ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በጥንቱ የተጠየቅ ሥርዓት፣ ተሟጋቾች በዳኛ ፊት በትረ ሙግታቸውን ይዘው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲፋለሙ፣ የተናገረውን ነገር እውነትነት የሚያረጋግጥ ሰው በቅሎውን ወይም ማሩን ያሲዝ ነበርና፣ ዛሬ ተራ ንትርክ ማለት ሆኖ የቀረው እሰጥ አገባ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ለነገሩ ዋስ የሆነ ገንዘብ የሚቀርብበት የፍርድ ቤት ቃል ነበረ። ያ ሥርዓት ደኻውንና አንደበተ ዐፋሩን ይበድል እንደ ነበረ አልክድም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ያልመረመረውን ነገር በከንቱ እንዳይናገር ልጓም ነበረው።

ሁለተኛው ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ያለፈበት የዐሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ የመቱም ሆነ የበደሌ፣ የጎሬም ሆነ የዴምቢ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ፕላዝማ ይባል የነበረው የሳተላይት ትምህርት ነው። በግድግዳው ላይ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ለመልስ የሰጠው ጥቂት ሰኮንድ ሲያልቅ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሕያው መምህር ደግሞ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ ገብቷችኋል ወይ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ደወሉ ይደወላል። ለጥያቄ መልስ የሚጠብቅ ፊት ያላየ ትውልድ፣ ጥያቄ ማለት መልሱ ወዲያው ከላይ የሚመጣለት ነገር ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ከዚያም በላይ ፈተናው ሁሉ ኤ ቢ ሲ ዲ ሆነ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሆኖ የመኰራረጁ በር ሲጠብ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ፣ በተከታዩም ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ብዙዎች ይህን የልጆቹ ስንፍና አድርገው ቆጠሩት። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ያን ዓመት መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ጆንያው ታች ሰደደ፤ ከላይ ከላዩ እያየን ስንገዛው የኖርነው ጀንፈል ምን ያህል እርጥብ እንደ ነበረም ታወቀ።

በዚሁ የዐሥራ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ስላለው ስለ ቋንቋው ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በኢሉባቦር ይህ ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ በዐይን የሚታይ ነውና። የመቱ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ይማራል፤ በ9ኛ ክፍል በአንድ ክረምት ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ በገበያና በመንገድ አማርኛም ይናገራል። ሦስት ቋንቋ ያለው ልጅ ሦስት መስኮት ያለው ቤት ማለት ነው፤ ነገር ግን በሚፈተንበት ቋንቋ «አይደለም፣ ምክንያቱም» ብሎ ለመጀመር የሚበቃ ጉልበት ከሌለው፣ መስማማት ብቸኛው ሰዋስው ይሆንበታል። መቃወም ብዙ ቃል ይፈልጋል፤ መገልበጥ ግን አንድም ቃል አይፈልግም። ያ ልጅ የጥላውን ነገር በአማርኛና በኦሮምኛ እንደ ሊቅ ሲተነትነው፣ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ግን በቢጫ ቀለም ብቻ መናገሩን ያየ ሰው፣ ድካሙ የአእምሮ ሳይሆን የአንደበት መሆኑን አይስተውም።

እዚህ ላይ የዚህችው ምድር ልጅ የሆነ አንድ ሰው ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሁሩሙ አካባቢ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተወለደው ሂካ፣ በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወስዶ ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጠ በኋላ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብሎ ተጠመቀ፤ በስዊድን ሚሲዮን ተምሮም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 እንዲታተም አደረገ። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ገኖም ቃላቱን እየለቀመች፣ የሕዝቡንም ዘፈንና ተረት እየሰበሰበች፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የወጣውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አብራው አዘጋጅታለች። ሂካ ማለት በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጕም ማለት ነው፤ የእኛም አማርኛ ቅኔን «ፈታው» ሲል የታሰረን ከመፍታት አይለየውም። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ምሥጢር ተገናኝተዋል። ተርጓሚ አንድን ቃል ወስዶ «ይህ በእኛ ዘንድ ምን ይሆን?» ብሎ ሳይመዝን አንዲት መስመር እንኳ ሊያልፍ አይችልምና፣ የሁሩሙው ሰው የሠራው ሥራ ዛሬ ሂሳዊ አስተሳሰብ የምንለውን ነገር በየቃሉ የፈጸመበት ነው። የዛሬው ተማሪ ግን የእንግሊዝኛውን ቃል ሳይፈታው ይሸከመዋል።

ሦስተኛው ነገር ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም አክብሮት የሚባል ካባ ለብሷል። መምህርን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ይህም ከጥንቱ ባህላችን የመጣ ነው ሲባል እሰማለሁ። ይህን የሚሉ ሰዎች ግን ቅኔ ቤት ደርሰው ያዩ አይመስለኝም። እውነት ነው፣ የአብነት ተማሪ ፊደልና ንባብ፣ ዳዊትና ዜማ ሲማር በቃሉ ይይዛል፤ ስንት ሌሊት በጨለማ እንደሚቀጽል እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን ቅኔ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ የተቀበለውን መመለስ ብቻውን አይበቃውም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ፣ በየቀኑ ብቻውን በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቈጥር ይውልና፣ የራሱ የሆነ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላለውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም በጓደኞቹ መካከል «ይህ ሰም ወርቁን አይሸከምም» ብሎ ያፈርስበታል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት ነውር ነው። በትርጓሜ ቤትም ሊቃውንቱ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥተው አይቆሙም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። በዚያ ቤት የማይጠየቅ ነገር እንዳለ፣ ዶግማው ከክርክር በላይ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የጉባኤውን ወሰን ደብቄ ማሞገስ አልሻም። የምለው፣ መምህርን ማክበርና ከመምህር ፊት የራስን ነገር ይዞ መቆም በዚህ ሀገር አብረው የኖሩ ናቸው ነው።

(የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ጠቅሶ የኢትዮጵያን የምርመራ ፍልስፍና የሚያወድስ ጽሑፍ በየጊዜው ይወጣል፤ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉን የጻፈው የካቶሊክ ሚሲዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ መከራከሩን፣ ክሎድ ሰምነር ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ብዙ ዓመት ለኢትዮጵያዊነቱ ጥብቅና መቆሙን የሚያነሡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሁሉን መርምሩ የሚል መጽሐፍ ሳይመረመር ሲወደስ ማየት ያስቀኛል።)

መንግሥትም ጉድለቱን አላየም አይባልም። ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ፣ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚባል ኮርስ ለሁሉም ተማሪ ተሰጠ። ሐሳቡ ያስመሰግናል። ነገር ግን የተፋለሰ ሙግት ዐይነቶችን ስም በላቲን ደርድሮ ያጠና፣ ከዚያም «ከሚከተሉት ውስጥ የትኛው ነው?» ተብሎ በምርጫ የተፈተነ ተማሪ፣ ማመዛዘንን ራሷን ሸምድዷት ወጣ እንጂ አላመዛዘነም፤ በፈተናው ማግሥት በቴሌግራም የደረሰውን ወሬ ለዶርም ጓደኞቹ ሁሉ ሲያስተላልፍ ያ የላቲን ስም አንዱም ትዝ አይለውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም በምርጫ መሆኑ፣ የአራት ዓመቱን መንገድ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር አገናኝቶታል።

መምህራኑ ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ያለው፣ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ የማያልፍ መምህር የዚያን ሁሉ ልጅ ድርሰት አንብቦ ሊያርም አይችልም። ይህን ሐቅ የሚክድ ሰው መቱም ሆነ ሌላ ቦታ ገብቶ ያላስተማረ ነው። ቢሆንም እያንዳንዱ ፈተና አንዲት «ለምን?» የምትል ጥያቄ ቢኖራት፣ ለእርስዋም ከአምስት መስመር የማይበልጥ መልስ ቢፈቀድ፣ ሸክሙ የሚቻል ይመስለኛል። ከዚህም የሚቀል አለ፤ በሃንድአውቱ ውስጥ ስሕተት ወይም እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አግኝቶ ምክንያቱን ለሚያስረዳ ተማሪ ማርክ ይሰጠው። የመጀመሪያው ዓመት ለመምህሩ እንደሚያሳፍር እገምታለሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሃንድአውቱ ይታረማል። በቡድን ውይይትም ጊዜ፣ ተማሪው ነገሩን አስቀድሞ በሚያስብበት ቋንቋ ይከራከርበትና፣ የደረሰበትን ፍርድ ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። እንግሊዝኛው በዚህ ይበረታል እንጂ አይጎዳም፤ የሚናገረው ነገር ያገኘ ሰው ቃል መፈለጉ አይቀርምና።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የመቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ከበደሌ ግቢው ጋር፣ ለዚህ ነገር ከብዙዎቹ ይልቅ ምቹ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የያዮ የቡና ደን በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ መንገድ ነው፤ በደኑ ውስጥ የሚኖሩት ገበሬዎችና ንብ አናቢዎች በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ «መቼ?» እና «ምን ያህል?» ያውቃሉ። ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከሶማሌ የመጣ ተማሪ ከመቱው ተማሪ ጋር በአንድ ዶርም ይተኛል፤ አንዱ የሚያየውን ሌላው እንደ ተራ ነገር ያልፈዋልና፣ አብሮ ወደ ደኑ መውረድ ብቻውን ብዙ ጥያቄ ይወልዳል። ይህ ሁሉ ግን የሚጠቅመው ጥያቄው ወደ ክፍል ሲመለስ የሚቀበለው ሰው ካገኘ ነው።

ያ የወዳጄ ልጅ በየካቲት አጋማሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ከተመለሰ በኋላ በስልክ አገኘሁት። ሰላምታ ተለዋወጥንና የአራተኛውና የዐሥራ አንደኛው ገጽ ነገር ምን እንደ ደረሰ ጠየቅሁት። እጁን አውጥቶ ጠይቆ ነበር፤ መምህሩም ጥቂት አሰቡና፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ነገር ግን ለፈተና ስለማይመጣ አትጨነቁበት አሏቸው።

«ከዚያስ?» አልሁት።

«ከዚያማ ጋሼ፣ ክፍሉ በሙሉ ሁለቱንም ገጽ ዘለላቸው።»